«ጠላታችሁ ሲወድቅ እልል በሉ» ለተባለው

ወለተ ማርያም፦ ትናንት የተለቀቀውን ስብከት ሰማችሁት? መምህሩ መዝሙር 57ን ጠቅሶ «ጻድቅ በቀልን ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ጠላታችሁ ሲወድቅ እልል በሉ» አለ። ምሳሌ 24፥17 ላይ ያለውን «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» ለምን ዘለለው? በጣም ነው ያናደደኝ።

ኃይለ ሚካኤል፦ ምን አጠፋ? ፈርዖን ሲሰጥም ሙሴ ዘመረ፤ እህቱ ማርያም ከበሮ አንሥታ ሴቶቹን አስከተለች። ባቢሎን ስትወድቅም ራእይ 18፥20 ቅዱሳኑን «ደስ ይበላችሁ» ይላል። የተገፋ ሰው ፍርድ አይቶ እልል ቢል ማን ይከለክለዋል?

ዘዳዊት፦ ዘፀአት 15 ምስጋናው ለአዳኙ ነው፤ «ለእግዚአብሔር እዘምራለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። መዝሙረ ዳዊትን በየቀኑ ከፍሎ የሚደግም ሰው ያውቀዋል፦ 57 የማክሰኞ ነው፣ ከ31 እስከ 60 ካለው። ጠላትን የሚረግመው 108 የሐሙስ ነው፣ ከ81 እስከ 110 ካለው። ተራው ሲደርስ ይደገማል፣ ይታለፋል። የሚበላሸው 108ን ነጥለው የጎረቤት ስም እየከተቱ ሲደግሙት ነው። ጴጥሮስም ያንን መዝሙር በይሁዳ ላይ የጠቀሰው ይሁዳ ከሞተ በኋላ፣ በቦታው ሰው ለመተካት ነው። ማትያስ ተመረጠ፤ እልልታ የለም።

ቤቴል፦ 57 ሳይሆን 58 ነው።

ዘዳዊት፦ ቁጥሩ የተለያየው ግእዙ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን መዝሙሮች አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው፤ መዝሙሩ ያው ነው። ከነገሩ አታውጡን።

ኃይለ ሚካኤል፦ ስለ ጎረቤት ማን አወራ? እኔ የምለው ሕዝብ ስላስጨረሰ ሰው ነው። ለእሱም አልቅሱ ልትሉን ነው?

ወለተ ማርያም፦ ወንድሜ፣ ሳኦል የኖብን ካህናት ያስፈጀ ሰው ነው። ዳዊትን ራሱን በየበረሃው አሳድዶታል። ሲሞት ግን ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ እስከ ማታ ጾመ፣ ሙሾ አወጣለት። «እኔ ገደልሁት» ብሎ ዘውዱን ይዞ የመጣውን አማሌቃዊ አስገደለው። እግዚአብሔር ፈረደ ብሎ ማረፍ አንድ ነገር ነው፤ በሬሳ ላይ እልል ማለት ሌላ።

ኃይለ ሚካኤል፦ ሳኦል የተቀባ ንጉሥ ስለሆነ ነው፤ ዳዊት ራሱ «እግዚአብሔር የቀባውን» እያለ ነው የሚናገረው። ለጎልያድስ አለቀሰ? ሴቶቹ በከበሮ ወጥተው ሲቀበሉት «ተዉ» አላቸው?

ዘዳዊት፦ የሳኦል ቅናት የተነሣው በዚያው ዘፈን ነው እኮ፤ «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊት እልፍ ገደለ» ባሉት።

ኃይለ ሚካኤል፦ ቅናቱ የሳኦል ኃጢአት ነው፣ የሴቶቹ አይደለም። የጠየቅሁህን መልስልኝ፦ ለጎልያድ አለቀሰ?