ለተማሪዎች ሰልፍ ከከተማው ፈቃድ ማውጣት፦ ባሕር ዳር ላይ ከየት ይጀመራል?

መምህር ዘጣና

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆቻችን ስለ እምቦጭ አረም ሰልፍ ካልወጣን ብለው ይዘውኛል። ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ነው፤ በዚያ ሰሞን ባለው ቅዳሜ ጠዋት ለማድረግ አስበናል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤታችን እንነሳለን። ዘንባባ የተተከለበትን ዋና መንገድ ይዘን ጊዮርጊስ ደጅ እንደርሳለን። እዚያ ቆም ብለን ንግግር እናሰማለን። ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄደን እንጨርሳለን። ሁለት መቶ ያህል ልጆች፣ ባነር፣ የትምህርት ቤቱ ከበሮ፣ በፒካፕ የተጫነ አንድ ሞንታርቦ ይኖራል።

ርእሰ መምህራችን «ፈቃድ አምጣና እናያለን» አሉኝ። ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ ግን እሳቸውም አያውቁም። ቀበሌ ሄድኩ፣ «ክፍለ ከተማ ሂድ» ተባልኩ። ክፍለ ከተማ ስደርስ አንዱ «የምን ሰልፍ?» ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። እስቲ የሠራችሁት ካላችሁ አሳዩኝ።

ባለ ባጃጁ

መምህር፣ ነገሩ ጥሩ ነው። ግን እምቦጩ የባሰው በደምቢያና በፎገራ በኩል አይደለም እንዴ? እዚህ አስፋልት ላይ ከበሮ ቢመታ አረሙ ይሰማል? 😄 ቀልዴን ነው። ግን ቅዳሜን ተውት። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እኛም እንጀራችንን የምናገኘው የዚያን ቀን ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚሰደበው ደግሞ ባለ ባጃጅ ነው።

የመዝገብ ቤቷ

መምህርዬ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅርብህ። የሰልፍ ደብዳቤ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ቀበሌና ክፍለ ከተማ መመላለሱን ተው። ደብዳቤው ለከተማው አስተዳደር ነው የሚገባው። ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ብለህ ጻፈው፤ ግልባጭ ለሰላምና ጸጥታ፣ ለፖሊስ፣ ለትምህርት መምሪያ። ግልባጩን አትናቀው። ያን ቀን ጠዋት መንገድ ላይ የሚያገኝህ ከንቲባው አይደለም፣ ትራፊክ ፖሊሱ ነው።

ምን ይጻፍ ካልከኝ፣ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጁ፣ ቁጥር 3/1983፣ ራሱ ይነግርሃል። የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታውና ሰዓቱ፣ እነማን እንደሚወጡ፣ ከመንግሥት የምትፈልጉት እርዳታ፣ የአስተባባሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መግባት አለበት ይላል። አንተ 48 ሰዓት ብለህ እንዳትጠብቅ። ሐሙስ ጠዋት ብታስገባው ዓርብ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ቢሮው ዝግ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም በል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመስመሩ ነው። «ከዚህ ተነስተን እዚያ እንደርሳለን» ብለው መሐሉን ይዘሉታል። ፖሊስ የሚፈልገው ግን መሐሉን ነው። የቱ አደባባይ ላይ ትዞራላችሁ? በየትኛው የመንገድ ጎን ትሄዳላችሁ? የት ትቆማላችሁ? ለስንት ደቂቃ? ይኼን ሁሉ ጻፈው።

የአንተ መስመር ላይ ደግሞ እሾህ አለ። አዋጁ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ አይደረግም ይላል። በገበያ ቀን ገበያ አጠገብም እንደዚሁ። ከጦር ሠፈርና ከጸጥታ ተቋማት ደግሞ 500 ሜትር ነው። ጊዮርጊስ ደጅ ቆመን ንግግር እናሰማለን ብለህ ከጻፍክ «አይሆንም» የሚለውን መልስ አንተው ጻፍክላቸው ማለት ነው። ንግግሩን ሐይቁ ዳር አድርገው። ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ አለ፤ ስትቃረቡ ከበሮውን ዝም አሰኙት። ይኼ የአዋጅ ጉዳይ ሳይሆን የአስተዳደግ ነው።

አሁን ዋናው። ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አንዱን ትሰጣለህ። ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቷ «ገቢ» የሚለውን ማህተም ትመታልሃለች። ከሥሩ በእስክሪብቶ ቁጥሩንና ቀኑን ትሞላለች። ሰዓቱን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። «እህቴ፣ ሰዓቱንም ጻፊልኝ» በላት። ብትቆጣም በላት። እኔም እቆጣ ነበር፣ ግን እጽፍ ነበር። ያቺን ኮፒ በፕላስቲክ አድርገህ ያዛት። «ደብዳቤህ አልደረሰንም» የሚል ሰው ሲመጣ ቁጥሯን ብቻ ንገረው።

ሕግ 4ኛ ዓመት

እናታችን ያሉት ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን መስተካከል አለበት። ሕጉ ፈቃድ ጠይቁ አይልም። አሳውቁ ነው የሚለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብት አለው። ከተማው ሰዓቱ ወይም ቦታው ይቀየር ሊል ይችላል። ያንንም ቢሆን ከነምክንያቱ በጽሑፍ፣ ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ነው ማሳወቅ ያለበት። «በየትኛውም ጊዜ፣ በየትኛውም ቦታ አይደረግም» የማለት ሥልጣን የለውም። ስለዚህ መምህር፣ 12 ሰዓቱ አልፎ መልስ ካልመጣ መውጣት ነው። ፈቃድ እያልን ስንለምን ነው መብቱን ልመና ያደረግነው።

የመዝገብ ቤቷ

ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። አልክድህም። ደብዳቤውም «ይፈቀድልን» ሳይሆን «እናሳውቃለን» ብሎ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። አንቀጹንም ይጥቀሱት።

ግን የሚወጡት ተማሪዎች ናቸው። ነሐሴ 1 ቀን 2008 በዚሁ ከተማ ሰልፍ እንደወጡ የቀሩ ልጆች አሉ፤ አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ መሰለኝ። ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ እንኳን ሰልፍ፣ ሲመሽ ደጅ መቆምም ያስፈራ ነበር። ይኼን ያየ ወላጅ «አዋጁ 12 ሰዓት ይላል» ብትለው አይሰማህም። አንተ ለራስህ ብትወጣ ምርጫህ ነው፣ አከብርሃለሁ። የሰው ልጅ ይዞ የሚወጣ አስተማሪ ግን ማህተም ያለው የመልስ ደብዳቤ እጁ ላይ ሳይኖር ከግቢ መውጣት የለበትም። በስልክ «ችግር የለም፣ ውጡ» ቢሉትም። የስልኩ ሰውዬ ያን ቀን ስልኩን ያጠፋል።

ሕግ 4ኛ ዓመት

በልጆቹ ነገር ተስማማሁ። በመርሁ ግን አልለቅም 🙂 መልስ ካልሰጡህ ዝም ብለህ አትቅር፣ መምህር። መልስ እንዳልተሰጠህ ጠቅሰህ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባ፤ እሱም «ገቢ» ይመታበት። ዝም ባሉ ቁጥር ዝምታቸው ፋይል ላይ ይቀመጥ።

መምህር ዘጣና

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ክበቡን ሰብስቤ መስመሩን እንደገና ሣልነው። ጊዮርጊስ ጋ መቆሙ ቀርቷል፣ ንግግሩ ሐይቁ ዳር ሆኗል። ቀኑን ወደ ሐሙስ ከሰዓት አዛወርነው፤ ገበያውም ቅዳሴውም አይነካንም። ለወላጆች የሚላክ የስምምነት ቅጽም አዘጋጅተናል፤ ያልፈረመ ወላጅ ልጅ አይወጣም። ሞንታርቦውስ፣ እትዬ? ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል?

የመዝገብ ቤቷ

እዚያው ደብዳቤ ላይ አስገባው። የፒካፑን ታርጋ ቁጥርና የሹፌሩን ስም ጨምርበት። ባነሩ ላይ የሚጻፈውንም ቃል በቃል አያይዝ። ማንም ባይጠይቅህ እንኳ ያን ቀን አንድ ልጅ ከቤቱ የራሱን ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ «የእኛ ይኼ ብቻ ነው» የምትልበት ወረቀት ይኖርሃል። ከፊትና ከኋላ ደግሞ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ መምህራን ይሁኑ።

ባለ ባጃጁ

ሐሙስ ከሆነማ እኔም አለሁበት። ሰዓቱ ሲቆረጥ እዚሁ ጻፉልን። ለማኅበራችን ሰብሳቢ እነግረዋለሁ፣ በዚያ መስመር የሚሠሩት ለዚያች ሰዓት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይዞራሉ። ከኋላ የሚቀር የደከመው ልጅ ካለ ደግሞ በነጻ አደርሰዋለሁ፤ ከበሮውን ግን አልጭንም።