ጥቆማ፦ ጎድፋዘርን ለማየት የትኛው ቅጂ ይሻላል?

ሰሞኑን ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ። አጭሩ መልስ ይኸው፦ 4ኬ ዲስክ የሚያጫውት ዕቃና ደህና ኤችዲአር (ጨለማውንና ብርሃኑን ለይቶ የሚያሳይ) ያለው ቴሌቪዥን ካላችሁ የ2022ቱን 4ኬ እትም ግዙ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከሌላችሁ የ2008ቱ እድሳት ያለበት ብሉሬይ ከበቂ በላይ ነው። ፍላሽ ላይ የሚጫነውን ግን ለዚህ ፊልም ተዉት። ሌላውን ፊልም እኔም አስጭናለሁ፣ አልዋሽም።

ለምን ለዚህ ፊልም ብቻ? ጨለማው ነዋ። ካሜራውን የያዘው ጎርደን ዊሊስ ነው፣ የሙያ ጓደኞቹ «የጨለማው ልዑል» ይሉት የነበረው። የማፊያውን አለቃ ዶን ኮርሊዮኔን የሚጫወተውን ማርሎን ብራንዶን ከአናቱ በላይ በተሰቀለ መብራት ስላበራው የዶኑ ዓይኖች ብዙ ጊዜ ጥላ ውስጥ ናቸው። ሰውየው ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም፣ እኔን ከሽጉጡ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። መክፈቻውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፦ መጀመሪያ ጥቁር ስክሪን፣ ከዚያ የቀብር አስፈጻሚው የቦናሴራ ፊት ብቻ፣ በልጁ ላይ የደረሰውን ሲናገር ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ እንዲሁ ይሄድና መጨረሻ ላይ የዶኑ ትከሻና እጅ ከፊት ብቅ ይላል። ቀጥሎ በአንዴ ደጅ ነን። ሰርግ፣ ፀሐይ፣ ጭፈራ። ውስጥ የሰው ሕይወት እየተደራደሩበት ውጭ ኬክ ይቆረሳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አንድ ጊጋ ተኩል በሆነ ፋይል ውስጥ ሲታጨቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ጥቁሩ ነው። ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው የዶኑ አማካሪ የቶም ሄገን ፊት ተጨፍልቀው ግራጫ ካሬ ካሬ ይሆናሉ። በኦንላይን ማየትም ኔትዎርክ ሲወርድ ጥራቱን ራሱ ስለሚቀንስ ከዚያ ብዙም አይሻልም። ፋይበር የገባላችሁ ግን ሞክሩት፣ መጥፎ አይደለም።

ትርጉም ፊልምስ ላላችሁኝ፦ ለአክሽን ይሁን፣ እዚህ ግን አይሆንም። የዶኑ ልጅ ማይክል ከጠላታቸው ከሶሎዞና ከፖሊስ አዛዡ ማክላስኪ ጋር ሬስቶራንት የተቀመጠበትን ቦታ ውሰዱ። ሶሎዞ በጣልያንኛ ያወራል፣ ከሥር ሰብታይትል የለም፣ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ማይክልም ልቡ ሌላ ቦታ ነው፣ እየሰማው አይደለም። እዚያ ላይ የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች የባቡር ጩኸት ጨመረበት። ባቡር የሚባል ነገር ስክሪኑ ላይ የለም፣ ጩኸቱ ግን እያደገ እያደገ ይመጣና ተኩሱ ይከተላል። ሙዚቃው የሚገባው ማይክል ሽጉጡን ጥሎ ሲወጣ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ተራኪ ሲያወራበት አስቡት። በነገራችን ላይ ዲስኮቹ ላይ የአማርኛ ሰብታይትል የለም፣ በእንግሊዝኛው መላመድ ነው።

አሁን ወደ ቅጂዎቹ። ፊልሙ በ1972 ሲወጣ ተፈላጊነቱ የጉድ ስለነበር ከዋናው ኔጌቲቭ ያለ ልክ ተባዛበት፣ ተጎዳ፣ ተቧጨረ። በ2001 የወጣው ዲቪዲ የዚያ ጉዳት ምስክር ነው፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ካገኛችሁት እለፉት። በኋላ የፊልሙ ባለቤት ፓራማውንት ድሪምወርክስን ሲገዛ የፊልሙ ዳይሬክተር ኮፖላ ከድሪምወርክስ መሥራቾች አንዱን ስፒልበርግን አማላጅ አድርጎ ስቱዲዮውን አስጠየቀና በፊልም አዳሹ በሮበርት ሀሪስ መሪነት ፊልሙ ታድሶ በ2008 ወጣ። ዊሊስም በሕይወት ስለነበር በቀለሙ ተማክሯል። ለ50ኛ ዓመቱ ደግሞ እንደገና ተሠራ፤ ስቱዲዮው እንዳለው ከ300 በላይ ካርቶን ፊልም ተመርምሯል፣ እድፍና ቅዳጁን ለመጠገን ብቻ ከ4,000 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ልዩነታቸው? የ2008ቱ ወርቃማነቱ ጠንከር ይላል፣ የ2022ቱ ረጋ ያለ ነው፣ የሰርጉ ነጭ ልብስም ዝርዝሩ ይታያል። 32 ኢንች ቲቪ ላይ ግን ይህን ፍለጋ ዓይናችሁን አታድክሙ።

ማጫወቻ ለሚያስጨንቃችሁ፦ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ቤት ካለ 4ኬውን ያጫውታል። ፕሌይስቴሽን 4 ግን ብሉሬይ እንጂ 4ኬ ዲስክ አያነብም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሌላው የሪጅን፣ ማለትም ዲስኩ እንዲሠራ የተፈቀደበት የዓለም ክፍል፣ ጉዳይ ነው። በዲቪዲ ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ናት፣ አሜሪካ 1፤ በብሉሬይ እኛ ቢ፣ እነሱ ኤ። ከአሜሪካ የመጣ ዲስክ ላይሠራ ይችላልና ሽፋኑን ሳታዩ አትግዙ። 4ኬ ዲስክ ላይ የሪጅን ጣጣ የለም። ስለዚህ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከቪታሚኑ ጎን ይህንን አስይዙት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁማ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ የካውንቲያችሁ ቤተመጻሕፍት ዲስክ በነፃ ያውሳል፣ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

የጎድፋዘርን ሦስቱንም ክፍሎች በአንድ ሳጥን ግዙ፣ አንደኛውን ለብቻ አትውሰዱ። ሁለተኛው ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ በአንድ ምሽት ከአንደኛው ጋር ለመጨረስ የሚሞክር ጀግና ነው። ሦስተኛው ሳጥኑ ውስጥ በሦስት ዓይነት አለ፦ በ1990 ሲኒማ የታየው፣ በ1991 ለቪዲዮ የወጣው፣ እና ኮፖላ በ2020 እንደገና የቆረጠው «ኮዳ»። ኮዳን ምረጡ። አጠር ይላል፣ ማይክል ከሊቀ ጳጳሱ ጋር የሚደራደርበትን ቦታ መጀመሪያ ላይ ስላመጣው ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ቶሎ ይገባል። ያም ሆኖ ከሁለቱ አይወዳደርም፣ ማንም የነገራችሁን አትስሙ። በ1977 ሁለቱ ፊልሞች ለቴሌቪዥን በጊዜ ቅደም ተከተል የተገጣጠሙበትን አግኝተን እንየው ለምትሉ ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ አትጀምሩ። የሁለተኛው ፊልም ጥንካሬ አባትና ልጅን እያፈራረቀ ማሳየቱ ነው፣ ያንን በቅደም ተከተል ስትደረድሩት ይሞታል።

መጽሐፍና ፎቶ የተጨመረበት ውዱ ሳጥን ለመደርደሪያ እንጂ ለፊልሙ አይጠቅምም። ርካሹ ላይም የኮፖላ ማብራሪያ አለ፣ ፊልሙ እየሄደ እሱ ይተርካል፣ ከሥራው ሊባረር ጫፍ ደርሶ እንደነበር ጭምር። ለሁለተኛ ዙር አቆዩት። በመጀመሪያው ዙር ድምፁን ሞኖ ላይ አድርጋችሁ፣ የሳሎኑን መብራት አጥፍታችሁ እዩ። ሕፃናት ካሉ ግን የፈረሱ ጭንቅላት ሳይመጣ ወደ መኝታ ላኳቸው፣ እውነተኛ ፈረስ ነው የነበረው።