ለከተራ ማታ የፊልም ካሜራ ፎቶ ሥልጠና፦ የፍላሹ ክፍል ረቂቅ

ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦ ካሜራዎቹ ፔንታክስ ኬ1000 እና ኒኮን ኤፍኤም2፣ ፍላሹ ቪቪታር 283። ሠልጣኙ የፊልሙን አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚያሳይ ቁጥር) ፍላሹ ላይ ይሞላል፣ ፍላሹ ላይ ካሉት የአውቶ ቀለማት አንዱን ይመርጣል፣ ቀለሙ የሚያሳየውን አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሌንሱ ላይ ያዞራል። ብርሃኑን የሚቆርጠው ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚለካው የፍላሹ ሴንሰር ነው፤ ካሜራው ምንም አያውቅም። የጎደለ ካለ ጨምሩበት።

አባል (ደብረ ሲና)፦ ሹተሩ (ፊልሙ ብርሃን የሚያይበትን ጊዜ የሚወስነው መጋረጃ) ተረስቷል! ኬ1000 በፍላሽ ከ1/60 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። 1/125 ላይ ከተተኮሰ መጋረጃው የፊልሙን አንድ ጎን ይሸፍንና ፎቶው ላይ ያ ጎን ጥቁር ይወጣል። ኤፍኤም2 1/200 ወይም 1/250 ይችላል፣ ግን ግራ እንዳይጋቡ ለሁሉም 1/60 እንበል።

አባል (አንኮበር)፦ ዋናው ጣጣ ነጭ ልብስ ነው። ሴንሰሩ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል። ነጠላና ጋቢ ፍሬሙን ከሞላው ቶሎ ይቆርጥና ፊት ይጠቁራል፤ ቀለሙ ኤፍ 5.6 ካለ ሌንሱ ወደ ኤፍ 4 ይከፈት። አንድ ሰው ብቻውን ጨለማን ጀርባ አድርጎ ከቆመ ግን ከኋላው የሚመለስ ብርሃን ስለሌለ ሴንሰሩ ይዘገያል፣ ፊቱም ይነጣል፤ ያኔ ወደ ኤፍ 8 ይዘጋ። በሁለቱም የሚነካው ሌንሱ ብቻ ነው። የፍላሹን ቀለም አብሮ የቀየረ እርማቱን መልሶ አጠፋው ማለት ነው።

ደግሞ ሩቅ አይተኮስ። የፍላሹ ጉልበት (ጋይድ ነምበር) በአይኤስኦ 100 ፊልም 36 ሜትር ያህል ነው፤ ለኤፍ 5.6 ሲካፈል ብርሃኑ የሚደርሰው እስከ 6.4 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕዝብ ጨለማ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ፍላሽ 4 ትንንሽ (ኤኤ) ድንጋይ ይፈልጋል። አልካላይን በጥር ብርድ ይደክማል፤ ቻርጅ የሚደረገው ይገዛ፣ ለእያንዳንዱ ፍላሽ ሁለት ዙር። ተለዋጩ ኪስ ውስጥ ይሙቅ።

ሰብሳቢ፦ ሳይሠሩ የከረሙትን ፍላሾች ከከተራ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አብሩ። ጥቂት ደቂቃ በርተው ይቆዩ፣ ከዚያ በማኑዋል (ሴንሰሩ ሳይቆርጥ) ሙሉ ጉልበት ደጋግማችሁ ተኩሱ፤ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው ክፍል) የሚነቃው እንደዚያ ነው። የድሮ 283 ዲጂታል ካሜራ ላይ እንዳይሰካ በቀይ ይጻፍ፣ ቮልቴጁ ሊያቃጥለው ይችላል።

አባል (ደብረ ሲና)፦ ጋሼ እንዳሉት ይሁን። ፊልም ሳይገባም ሙከራ ይደረግ፦ የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ 1/60 ላይ ወደ ነጭ ግድግዳ መተኮስ። በኋላ በኩል ሲታይ ፊልሙ የሚያርፍበት መስኮት ሙሉ ካልበራ ያ ካሜራ ለማታ አይወጣም።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል። ታቦት ሲያልፍ ፍላሽ አይተኮስም የሚለውን እኔ ጨምሬያለሁ፤ የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።