ትሬንታ ኳትሮ ነው ወይስ አይደለም? እርዱኝ

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰበታ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጎማ የሌለው አሮጌ የፊያት ጭነት መኪና ቆሟል። ባለቤቱ ጋሼ «ትሬንታ ኳትሮ ነው» ይሉኛል። ፊያት 634 ኤን ማለታቸው ነው (ትሬንታ ኳትሮ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ነው)፤ በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ) የተመረተው ባለ ናፍጣው። ስለሱ መጽሐፍ መጻፍ ጀምሬ ምዕራፍ 3 ላይ ተገትሬያለሁ። መሪው በቀኝ ነው፤ ግን የዚያን ጊዜ ትልልቅ የጣሊያን ጭነት መኪኖች እንዲሁ ነበሩ። ካቢናው እዚሁ በላሜራ ተቀይሯል። ሊብሬውም ጠፍቷል። የሻንሲ ቁጥር ፍለጋ ግማሽ ቀን ዝገት ስፍቅ ዋልኩ፤ ያገኘሁት የዶሮ እንቁላል ነው!

ቁጥሩ የሚመታው የት ጋ ነው? የድሮ መካኒክ ወይም ሾፌር የምታውቁ አገናኙኝ። የጥንቱ ካቢና የሚታይበት ፎቶ ያላችሁም ኮፒውን ብቻ ስጡኝ። ቱሪን ላለው የፊያት ታሪክ ማዕከል ልጽፍ አስቤያለሁ። ያለ ቁጥር ግን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?