ሙታን ሲነሡ አምነን በቤንዚኑ ለምን እንጣላለን?

ከባሕር ዳር፦
ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተኳርፈን ነው የተለያየነው። ዎኪንግ ዴድን እያየን ነበር፤ ሬሳ እየተነሣ ሰው የሚበላበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ተከታታይ። ዓለም ከጠፋ ቆይቷል፣ ማደያ የለም፣ ነዳጅ የሚያጣራ የለም፣ ሰዎቹ ግን የቆመ መኪና ያገኛሉ፣ ቁልፍ ያዞራሉ፣ ሞተሩ ይነሣል። "ኧረ ይሄ አይሆንም" አልኩ። "ሬሳ ሲራመድ ዝም ብለህ ቤንዚን ላይ ትጨቃጨቃለህ?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

እስከ አሁን ሳብሰለስለው ነው ያደርኩት። የሬሳው መነሣት የታሪኩ ውል ነው፤ ገና ሳልቀመጥ ተቀብዬዋለሁ። ቤንዚኑ ግን ውሉ ውስጥ የለም፣ ቤንዚን የእኛው ዓለም ነው። አያቴ ተረት ስታወራ አንበሳው ይናገር ነበር። አንድም ቀን "አንበሳ እንዴት ይናገራል?" ብለን አናውቅም። አንበሳው ሣር ጋጠ ብትለን ግን እዚያው እናስቆማት ነበር። ተሳስቻለሁ?

ከቡሬ፦
አልተሳሳትክም ወንድሜ። እኔ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ገበሬው ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ያስቀመጠውን ፓምፕ መስኖ ሲጀመር ተሸክሞ ይመጣል፣ ታንከሩ ውስጥ የዱሮው ቤንዚን እንዳለ ነው። ገመዱን ቢስበው ቢስበው አይነሣም። ካርብሬተሩን ስፈታው ታች ቢጫ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሮበታል፤ ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ፀጉር አታስገባም። ሽታውም ይለወጣል፣ ይጎመዝዛል። ይሄ እንግዲህ የጥቂት ወራት ነው። ስንት ዓመት የቆመ መኪና በአንድ ቁልፍ ሲነሣ ሳይ ሥራዬን የናቁብኝ ይመስለኛል። ፈረስ ላይ ቢያወጧቸው ምን ነበረበት?

ከደብረ ማርቆስ፦
በ9ኛው ሲዝን እኮ ፈረስ ላይ ወጥተዋል! መኪናውንም በፈረስ ይጎትቱታል። አዘጋጆቹ አያውቁም አትበሉ።

ግን የእኔ ነገር ሌላ ነው። እኔ ድራማ የማየው ለሰው ነው። አባት ልጁን ሊያድን ሲሮጥ አብሬው እየሮጥኩ ነዳጁ ከየት ተቀዳ ብዬ ካሰብኩ፣ ድራማው ቀድሞ ወድቋል ማለት ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስን አስታውሱ፤ ነገሥታትና ዘንዶዎች ያሉበትን ተከታታይ። በ7ኛው ሲዝን ሰዎቹ በሰሜን ጫፍ ካለው ትልቅ ግንብ ማዶ በረዶ ሐይቅ ላይ ይከበባሉ። አንዱ በእግሩ ሮጦ ግንቡ ጋ ይደርሳል፣ ቁራ መልእክት ይዞ ሩቅ ደሴት ላይ ያለችው ንግሥት ዘንድ ይበርራል፣ እሷ ደግሞ ዘንዶዎቿን ይዛ ትደርሳለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ "በዚህ ፍጥነት እንዴት ደረሱ?" እያለ ኪሎ ሜትር ሲቆጥር ነበር። እኔ ዘንዶው ሲወድቅ አለቀስኩ።

ከባሕር ዳር፦
እህቴ፣ እኔም ኪሎ ሜትር ከቆጠሩት ነኝ፤ የቆጠርኩትም ስለምወደው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሌላዋ ንግሥት ለባሏ "ወር ሙሉ ስንጓዝ ከርመናል" ትለዋለች። ያች አንዲት ቃል አገሩን አሰፋችው። እኛ መንገድ እናውቃለን፤ ከዚህ ሳይነጋ ተነሥተን ደጀን ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀምር፣ ፍሬኑ እየሸተተ፣ ሹፌሩ በማርሽ ይዞ ሲያወርደን፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስንት ሩቅ እንደሆነ በሆዳችን ነው የምናውቀው። በዚያ ታሪክ ደብዳቤ ሲዘገይ ሰው ይሞት ነበር። መንገዱን ሲያጠፉት ፍርሃቴንም አብረው አጠፉት። አንቺ ያለቀስሽበት ቦታ ላይ እኔ ማልቀስ አቃተኝ፤ የምቆጨውም ለዚህ ነው።

ከዳንግላ፦
መንፈስና ሳይንስን በአንድ ሚዛን አትመዝኑ። ዘንዶ ካለ የዘንዶውን ሕግ ደራሲው ያወጣል። መንኮራኩር ካለ ግን ሕጉ ወጥቶ ያለቀ ነው። ጠፈር ላይ የሚካሄደውን ዘ ኤክስፓንስ የሚባል ተከታታይ እዩ፤ ሰው መርከቧ ውስጥ ክብደት የሚሰማው ሞተሩ ሲገፋ ነው፣ ሲጠፋ ይንሳፈፋል። መልእክትም በቅጽበት አይደርስም። ከማርስ ወደ ምድር ብርሃን ራሱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያ መዘግየት ነው ጭንቀቱን የሚፈጥረው።

ከሞጣ፦
ዕድሜዬ ከእናንተ ይገፋል፣ ግን ልጄ ዳርክ የሚባለውን፣ ሰዎች በጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄዱበትን የጀርመን ተከታታይ አሳይቶኝ ሦስቱንም ሲዝን ጨርሻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀምሮ በ2020 ያለቀውን። እዚያ ጊዜ የሚዞረው በ33 ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1953፣ 1986፣ 2019። ምክንያቱን ሲናገሩ ፀሐይም ጨረቃም ከዋክብትም በ33 ዓመት ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ ይላሉ። እኔ በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቆጠራ፣ ተምሬያለሁ። ዐውደ አበቅቴ፣ ጨረቃና ፀሐይ የሚገናኙበት ዙር፣ 19 ዓመት ነው! በ19 ዓመት ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፣ ከፀሐይ ጋር ሲተያዩ የሚለያዩት በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በ33ቱ ግን፣ 34 የጨረቃ ዓመት (አንዱ 12 የጨረቃ ወር ነው) ብንቆጥር እንኳ፣ አራት ቀን ተኩል ያህል ይተርፋል። ወረቀት አውጥቼ ነው ያሰላሁት። ከዋክብቱንማ ተዉት።

ታዲያ ተናደድኩ? አልተናደድኩም። 33 ካሉ በኋላ ከ33 አልወጡም። ቁጥሩ ስሕተት ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ጠበቁት። ቅኔ ቤት ሰሙ ፈጠራ ቢሆን ማንም አይቆጣህም፤ ወርቁን ካልያዘልህ ነው የሚመልሱህ።

ከደብረ ማርቆስ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገባኝ። ግን 19 ቢያደርጉት ታሪኩ ይፈርስ ነበር እኮ። 33 ዓመት ማለት ልጅ የነበረው የልጅ አባት ሆኖ፣ የራሱን አባት በእሱው ዕድሜ የሚያገኝበት ነው። በ19 ዓመት ገና ጎረምሳ ነው። ለሰው ብለው ነው ሰማዩን ያጣመሙት፤ እኔም ከመጀመሪያው የምለው ይሄንኑ ነው።

ከሞጣ፦
ይሄን አላሰብኩትም ልጄ። እውነትሽን ነው። ግን እንዲያ ከሆነ "ጊዜው በ33 ይዞራል" ብለው ቢተዉት ይበቃ ነበር፤ ሰማዩን ምስክር ባይጠሩት። ምስክር ከጠሩ ምስክሩ ይጠየቃል።

ከቡሬ፦
እኔም ስለ ቤንዚኑ የምለው ይሄን ነው። አንድ ሰው ታንከሩን ከፍቶ አሽትቶ "ተበላሽቷል" ቢል፣ አንዲት ቃል፣ ከዚያ በኋላ በፈለጉት ይንዱት፣ ዝም ብዬ አይ ነበር።

ከባሕር ዳር፦
ቅዳሜ መብራት ካለ ዳርክን ከአንድ እንጀምራለን፤ ያኮረፉትንም ጠርቻቸዋለሁ። ጋሼ፣ ያሰሉባትን ወረቀት ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። የሦስተኛውን ሲዝን ነገር ግን ማንም እንዳይነግረኝ።