ውድቅ የተደረገ የውሳኔ ሐሳብ በየስብሰባው እየተመለሰ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ (የቦርድ ጸሐፊ፣ የካ አባዶ)

በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማኅበር ዘጠኝ አባላት ያሉት የሥራ አመራር ቦርድ ጸሐፊ ነኝ። አንድ አዛውንት አባላችን፣ ማኅበሩ ራሱ የቀጠራቸው ጥበቃዎች ተሰናብተው ሥራው ለኤጀንሲ እንዲሰጥ ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ በስድስት ተቃውሞ፣ በሁለት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ውድቅ ሆኗል። ይሁን እንጂ በየወሩ ስብሰባ፣ አንዳንዴም ድምፅ በተሰጠበት በዚያው ዕለት «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር፣ ቃላቱን ለወጥ አድርገው መልሰው ያቀርቡታል። ሰብሳቢያችን በዕድሜ ስለሚያንሷቸው ማቋረጡ ይከብዳቸዋል፤ የውኃ ፓምፑ ጥገናም በዚህ ሳቢያ ውሳኔ አጥቷል። መተዳደሪያ ደንባችን ያልሸፈነው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት በሮበርት ደንብ እንዲመራ ይላል። ሐሳቡ ዳግም እንዳይቀርብ ማገድ እንችላለን?

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ለገጣፎ)

ለዘለቄታው ማገድ አትችሉም። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 እና የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ እንደሚቀድሙ ሳይዘነጋ፣ አሜሪካዊው የጦር መኮንን ሄንሪ ማርቲን ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው ደንብ በአንድ ጉባኤና በሚቀጥለው ጉባኤ መካከል ግልጽ ድንበር ያሰምራል። ውድቅ የሆነ ሐሳብ በዚያው ጉባኤ እንደ አዲስ አይቀርብም፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ግን ማንኛውም አባል ሊያነሣው መብት አለው፤ የእናንተም ወርኃዊ ስብሰባ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው። የቃላት ለውጥ ብቻውን ሐሳቡን አዲስ አያደርገውም። በአንጻሩ የሌሊቱ ፈረቃ ብቻ ለኤጀንሲ ይሰጥ ቢሉ ይህ የተለየ ጥያቄ ሊባል ስለሚችል ሰብሳቢው መመዘን አለባቸው።

በዚያው ዕለት ውሳኔው እንደገና ይታይ ማለት ይቻላል። ሆኖም ይህን የሚጠይቀው በአሸናፊው ወገን ድምፅ የሰጠ አባል ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ይችላል፤ አዛውንቱም ሆኑ ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉት አባል አይችሉም።

መልስ (የቀድሞ ሰብሳቢ፣ ጀሞ)

መምጣቱን መከልከል ባይቻልም ሰዓት እንዳይበላ ማድረግ ይቻላል። ሐሳቡ እንደቀረበ፣ ክርክር ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ አባል ወይም ሰብሳቢው ራሳቸው «ጉዳዩ እንዳይታይ እቃወማለሁ» ይበሉ። በዚህ ላይ ውይይት የለም፤ ወዲያው ድምፅ ይሰጣል። ከሰጪዎቹ ሁለት ሦስተኛው «አይታይ» ካሉ ጉዳዩ ለዚያ ጉባኤ ያበቃል። ዘጠኛችሁም ድምፅ ብትሰጡ ስድስት ይበቃል፤ ድምፀ ተዓቅቦ ስለማይቆጠር ስምንት ብቻ ከሰጡም ያው ስድስት ነው። አንድ ሰው መናገር ከጀመረ ግን ዕድሉ አልፏል፣ ስለዚህ ሰብሳቢው ንቁ ይሁኑ። ታላቅን ማክበር እንዳለ ሆኖ፣ ሥነ ሥርዓት ማስከበር ንቀት አይደለም።

መልስ (የቦርድ አባል፣ ቱሉ ዲምቱ)

እኔ በዚህ መሣሪያ መጀመርን አልደግፍም። ሐሳባቸው ሁለት የድጋፍ ድምፅ ካገኘ ሰውየው ብቻቸውን አይደሉም፤ ምናልባትም የቅሬታቸው ምክንያት በጥበቃው ሥራ ላይ ያለ እውነተኛ ችግር ይሆናል። ጉዳዩን ለሦስት ሰው ኮሚቴ ምሩት፣ እሳቸውንም አባል አድርጓቸው፤ የኤጀንሲ ዋጋና የአሁኑ ወጪ ተነጻጽሮ በጽሑፍ ይቅረብ። በኮሚቴ እጅ እስካለ ድረስ ያንኑ ጥያቄ በቦርዱ ፊት እንደገና ማቅረብ ከሥርዓት ውጭ ነው፤ ፓምፑም ተራውን ያገኛል።

የጠያቂው ምላሽ

የኮሚቴውን ሐሳብ ለሰብሳቢያችን አቀርባለሁ። ነገር ግን ከኮሚቴው ሪፖርት በኋላ ሐሳቡ ቢጸድቅ፣ ተቃዋሚዎቹ በተራቸው ያለገደብ ሊያነሡት ይችላሉ ማለት ነው?

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ለገጣፎ)

አይደለም፤ የጸደቀ ውሳኔ ከወደቀው የበለጠ ጥበቃ አለው። ለመሻር ከድምፅ ሰጪዎች ሁለት ሦስተኛ፣ ወይም የመላው ቦርድ አብላጫ፣ ማለትም ከዘጠኙ አምስት ድምፅ ያስፈልጋል፤ የመሻሩ ሐሳብ በስብሰባው ጥሪ አስቀድሞ ከተገለጸ ደግሞ ተራ አብላጫ ይበቃል። ከኤጀንሲው ጋር ውል ከተፈረመ በኋላ ግን ቦርዱ የራሱን ውሳኔ በመሻር ብቻ ከውሉ አይወጣም። እርስዎም እንደ ጸሐፊነትዎ የወደቁትን ሐሳቦች ጭምር ሙሉ ቃላቸውን በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ፤ ሰብሳቢው «ይህ ቀርቦ የወደቀው ነው» ብለው ሲበይኑ መነሻቸው እሱ ነው። በብይኑ ላይ ለቦርዱ ይግባኝ ቢቀርብና ድምፁ እኩል ለእኩል ቢሆን ብይኑ ይጸናል።