«ዋቱ ይናገራል» የተባለው የጋራ ቫኪዩም፦ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ክርክር

ሽቦው፦
ኮሚቴው ለጋራ ቫኪዩም ክሊነር መዋጮ ሲያስታውቅ ከሥሩ «ዋቱ ይናገራል፤ ከ2000 በታች ዕቃ አይባልም» የሚል ተለጥፎ አየሁ። ማነው ይህን የጻፈው? ዋት እኮ ማሽኑ ከሶኬት የሚበላው ነው፣ ከምንጣፍ የሚያነሳው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሪያውን 1600 ዋት፣ በ2017 ደግሞ 900 ዋት አድርጎታል። ታዲያ አውሮፓ ቤት መጥረግ ቀረ?

ሳሚ ኮዬ፦
እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ ዋቱ ይናገራል። አውሮፓ የኮዬን አቧራ አይቶት አያውቅም። ግማሹ ቤት ገና ጀሶ እየተለሰነ ነው፣ የውስጥ መንገዱ አፈር ነው። ደግሞ ያ የጠቀስከው ሕግ በፍርድ ቤት ተሽሯል፤ አንብብ እንጂ።

ሽቦው፦
አንብቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻረው ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው የኃይል ቁጠባ ደረጃ ነው። የተሻረውም መለኪያው በባዶ ማሽን ስለነበር ነው፤ አቧራ ሲሞላ ምን ያህል እንደሚደክም አያሳይም ተብሎ። የ900 ዋቱ ጣሪያ አልተነካም። ሁለቱ የተለያዩ ደንቦች ናቸው።

ሳሚ ኮዬ፦
ጠበቃም ሆንክ።

የአራተኛ ፎቅ፦
ወንድሞቼ ፍርድ ቤቱን ተዉትና ካርቶኑ ላይ ምን እንይ? አንዱ ሱቅ የመሳብ ግፊቱ 22 ኪሎፓስካል ነው የሚል አለ። ይበቃል?

ካርቦን ቀያሪ፦
እህቴ፣ ፋብሪካ ያንን ቁጥር የሚሰጠው በባሕር ጠለል አየር ነው። እኛ ያለነው ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። የፋኑ ግፊት ከአየሩ ጋር አብሮ ስለሚወርድ 22 የተባለው ወደ 17 እና 18 ይጠጋል። ሞተሩ ስለሚቀለው ትንሽ ይፈጥናል፣ ጥቂቱን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። ማታ ቮልቴጁ 180 ሲገባ ደግሞ ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በዚያ ላይ ኪሎፓስካል ብቻውን አይበቃም፣ በሰከንድ ስንት ሊትር አየር እንደሚስብም ይታይ። ቱቦው በእጅ ሲደፈን ግፊቱ ጣሪያ ይነካል፣ ፍሰቱ ግን ዜሮ ነው፤ ፍሰት ከሌለ አንድ ብናኝ አይነሳም።

ሳሚ ኮዬ፦
ራሱ መሰከረ! አየሩ ሳስቷል፣ ቮልቴጁ ወርዷል፤ ታዲያ ትልቅ ዋት ካልተገዛ ምን ሊገዛ ነው? ዋቱ ይናገራል ስል ሳቃችሁ።

ካርቦን ቀያሪ፦
አልመሰከርኩም። ማሽን ጥገና ቤት የሚመጣው ዋት አንሶት አይደለም። የተለመደው የቤት ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራሱ የሚስበው አየር ነው። የጀሶና የሲሚንቶ ብናኝ ፊልተሩን ሲደፍነው አየሩ ይቆማል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሲግል ኃይል የሚያቋርጠው ቴርማል ይቆርጣል። ሰው ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ፊልተሩን ሳያይ እንደገና ያስነሳዋል። ሦስት አራቴ እንዲህ ከተደረገ በኋላ ኮሙቴተሩ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የመዳብ ቀለበት፣ ይጠቁራል፣ እሱን እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን እንደ ጠመኔ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይጮሃል። ካርቦን መቀየር ቀላል ነው፤ ኮሙቴተሩ ከተበላ ግን ሞተሩ በሙሉ ይቀየራል። ባለ ትልቅ ዋቱ ደግሞ አየር ሲያጣ ቶሎ የሚግል እሱ ነው። ለደረጃና ለግንባታ አቧራ የሚሆነው እርጥብና ደረቅ የሚስበው ባለ በርሜሉ ነው፤ አብዛኛው ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ የራሱ ፋን አለው፣ ቆሻሻው አየር በሞተሩ ውስጥ አያልፍም። ሻጩን ይህንኑ ጠይቁት።

ሽቦው፦
ዋቱ የሚናገረው ለቆጣሪው ነው፣ እሱማ ጮክ ብሎ ይናገራል። 2400 ዋት በ220 ቮልት 11 አምፔር ነው። ያንን በቀጭን ኤክስቴንሽን፣ ያውም ተጠቅልሎ እንዳለ ሳቡትና ሽታውን ታውቁታላችሁ። የገመዱ ሽቦ ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ሲሠራም ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ከሶኬት ይነቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ መጀመሪያ የሚበላው የፍጥነት መቆጣጠሪያዋን ካርድ ነው።

አባ መጥረጊያ፦
ልጆች፣ ደረጃ በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ ሲጸዳ ኖሯል። ይህ ሁሉ ካሬና አምፔር ለምኑ ነው?

የአራተኛ ፎቅ፦
ጋሼ፣ ለሴራሚኩ ልክ ነዎት፤ እርጥብ ጨርቅ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። ደረቅ መጥረጊያው ግን ደቃቁን ብናኝ ያስነሳዋል፣ ሰዓታት አየር ላይ ቆይቶ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። አስም ያለበት ልጅ ያለው ቤት ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ያስፈልገዋል፤ ኤች 13 የተባለው ደረጃ ከ100 ብናኝ 99.95 ይይዛል። ግን የማሽኑ አካል አየር ካሾለከ ፊልተሩ ከንቱ ነው፣ የማሸጊያ ጎማዎቹ ይታዩ።

አባ መጥረጊያ፦
እግዚአብሔር ይስጥሽ። «ልክ ነዎት» ያለ አንድ ሰው ተገኘ።

እሙ፦
ከረጢት ያለው ወይስ የሌለው? እሱን ማንም አልተናገረም። ከረጢት አልባው ሲራገፍ ግማሹ አቧራ ፊት ላይ ነው። ፊልተሩ ይታጠባል ይባላል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር!

ካርቦን ቀያሪ፦
ውሃ ቢኖርም ሲሚንቶ የያዘ ፊልተር አይታጠብም፣ ይጠጥራል። ውጭ ወጥቶ በቀስታ ይራገፋል። የታጠበ ፊልተር ደግሞ ጥላ ውስጥ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ እርጥቡን የገጠመ ሞተሩን ውሃ አጠጣው ማለት ነው። ከረጢት ያለው ለቤት ይሻላል፣ ባለ ዚፕ የጨርቁ ሳይሆን የሚጣለው። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይቀየራል። ችግሩ ልኩ ነው፤ መርካቶ ልኩ የማይገኝለት ማሽን በነፃም አይወሰድ።

ሳሚ ኮዬ፦
ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ይጠየቅ። የዚያ አገር ዕቃ ይቆያል።

ሽቦው፦
በ120 ቮልት የሚሠራውን? ቀጥታ 220 ላይ ሲሰካ በሰከንዶች ጭስ ነው። 12 አምፔር የሚል ከሆነ 1440 ዋት ነው፣ ትራንስፎርመሩ 2000 መሆን አለበት። ያንን ብረት አራት ፎቅ አንተ ትሸከማለህ?

ሳሚ ኮዬ፦
ገመድ አልባውስ? ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ይላል።

ሽቦው፦
እሱ ይሰካል። በከፍተኛው ፍጥነት አሥር ደቂቃ ገደማ ሠርቶ ይተኛል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ባትሪው ይሞታል፤ ምትኩ እዚህ ከሌለ የግድግዳ ጌጥ ሆነ።

እሙ፦
የጋራ መሆኑን ረሳችሁት። የዚያው የአውሮፓ ደንብ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት፣ ቱቦው 40,000 እጥፋት ይቻል ይላል። አንድ ቤት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢጠቀም 19 ዓመት ነው። ብሎኩ ሁሉ ተቀባብሎ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራበት ግን ዓመት አይሞላም። ስለዚህ መዋጮው የማሽን ብቻ አይሁን፣ መለዋወጫም ይታሰብበት።

ሳሚ ኮዬ፦
ገና ሳይገዛ ቀበራችሁት።

ካርቦን ቀያሪ፦
ኮሚቴው ሱቅ ሲሄድ ይሰካ፣ አምስት ደቂቃ ይሥራ። ቱቦው በመዳፍ ሲደፈን ድምፁ ካልቀጠነ አየር ያሾልካል። በአየር መውጫው በኩል ሰማያዊ ብልጭታ ከበዛ ይመለስ። ገመዱ እስከ መጨረሻው ይሳብ።

የአራተኛ ፎቅ፦
ደረጃው ላይ ሶኬት የለም። ከማን ቤት ሊሳብ ነው?

እሙ፦
ከኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት።

ሳሚ ኮዬ፦
ሰብሳቢው እኔ አይደለሁም፤ ምክትል ነኝ። ይህ በስብሰባ ይነሳ።

አባ መጥረጊያ፦
የእኔም ቆጣሪ አይነካም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።